ጂኑ ያልተነካው ሻጋታ

በባልደረባዋ ውጤት የተነሳ ስንዱ ከቤተ ሙከራው ተባረረች።

ሁለቱም ተማሪዎች፣ ሻጋታ ያለ ተራክቦ የሚራባበትን አረንጓዴ ብናኝ እንዲያወጣ ያዘዋል የተባለውን ጂን ቆርጠው አወጡ። የባልደረባዋ ሻጋታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሳደገችው፣ ብናኝ ሳያወጣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስንዱ መስኮት ሥር ያሳደገችው ግን አረንጓዴ ሆነ።

«አንቺ የቆረጥሽው ጂን ነው ወይስ ሽንኩርት?» ብላ ባልደረባዋ በአማካሪያቸው ፊት ሳቀችባት። አማካሪው ግን አልሳቁም፤ ስንዱን አሰናበቷት።

ዛሬ ስንዱ ዕቃዋን ስትሰበስብ ባልደረባዋ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ከሳህኖቿ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ቦታ ሲጠብ የሸጎጠችው ሌላ ሳህን ነበር፤ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ፣ ጂኑ ጭራሽ ያልተነካ ሻጋታ። አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ብርሃን በማይገባበት ቁም ሳጥን ውስጥ እሱም እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል።

ታዲያ ብናኙን የከለከለው ጨለማው እንጂ የጂኑ መቆረጥ አልነበረም።

«ምን አገኘሽ?» አለች ስንዱ ካርቶኗን እያሰረች።

«ምንም።»

«ውጤትሽን ለጉባኤ ሊልኩልሽ ነው አሉ። እንኳን ደስ አለሽ። ልክ ነበርሽ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

ባልደረባዋ ሳህኑን የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከስንዱ ቀድማ ወጣችና በሩን ዘጋችው።