አሥራ ሰባት አረንጓዴ ክቦች

አዲስ አበባ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ከሳተላይት በሚመጣ ምስል የቦረናን ግጦሽ ስትለካ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አገሩን ረግጣው አታውቅም። ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ካርታው እንደ ጡብ ቀልቶ ከርሟል። ዘንድሮ ግን፣ ትንሽ ካፊያ እንደ ጣለ፣ አንዲት ቀበሌ ላይ አሥራ ሰባት አረንጓዴ ክቦች ብቅ አሉ።

"እሰይ!" አለ አለቃዋ። "አጥረው ያቆዩት ሣር ይሆናል። ለእነሱ የተመደበው የእርዳታ ድርቆሽ ለባሰበት ይሂድ።"

እሷም ፈረመች፤ ድርቆሽ የጫኑት መኪኖች ወደ ሌላ ወረዳ ዞሩ።

በማግስቱ ለኦቦ ጃተኒ ደወለች። ካርታውን እንድታመሳክር፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሣር እያጨዱ የሚመዝኑላት የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው።

"ክቦቹ ላይ ስንት ኪሎ አገኙ?"

"ምኑን ልጨድ ልጄ? አስተናግር ነው እኮ። ከብት አይቀምሰውም።"

"ታዲያ ምን ብላችሁ አጠራችሁት?"

"ድሮም የታጠረ ነው። በረታችን ነው። የሚረግጠው ከብት ሞቶ ሲያልቅ ፍጉ ላይ የሚበቅለው ይኸው አረም ነው።"

ካርታው ላይ ክቦቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

"አሥራ ሰባቱም?"

"አሥራ ሰባቱም። የተረፉትን አራት ጊደሮች ቤት አስገብተናቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ተጋግዘን እናቆማቸዋለን። ድርቆሹን ለእነሱ ብለን ከትናንት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመን እየጠበቅን ነው። መኪናው የት ደረሰ?"