ከይስማው የሚበልጥ

«ከይስማው የሚበልጥ ሶላር ስጠኝ» አለ ባለጀልባው፣ ገና ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳለ።

«ለጀልባህ ባትሪ? አስቸገረህ እንዴ?» አለ ባለሱቁ።

«የኔ ባትሪ! ድሮ ይደክም ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ግን ጀልባዋ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ እንኳ እሁድ ጠዋት ሞተሯ ባንዴ ይነሳል። አያያዝ ነው! ይስማው ግን ለመስቀል ያንን ሶላር ጀልባው ጣሪያ ላይ ሰቀለና፣ ይኸው መንገደኛው ሁሉ የኔን አልፎ ወደሱ ይሮጣል።»

«ባትሪህ ደህና ከሆነ ትንሿ ትበቃሃለች።»

«ትንሽ ገዝቼ ይሳቅብኝ?»

«እሺ፣ የሱ ስንት ዋት ነው?»

አላወቀም። እየተነጫነጨ ወደ ሐይቁ ወረደ። ማክሰኞ ስለሆነ ዳርቻው ጭር ብሏል፤ የእሱና የይስማው ጀልባዎች እንደወትሮው ጎን ለጎን ታስረዋል። የይስማው ጀልባ ላይ ዘሎ ወጣና ቁጥሩን ለማንበብ ከሶላሩ ስር አንጋጠጠ።

ከሶላሩ የወረደው የኤሌክትሪክ ገመድ መሀል ላይ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወደ ይስማው ባትሪ ይሄዳል። ሌላውን በዓይኑ ተከተለው። የጀልባዋን ጠርዝ ተሻግሮ፣ የራሱ ጀልባ መቀመጫ ስር ገብቶ፣ የራሱ ባትሪ ላይ ታስሯል።