የፈዘዘው በተን

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው። እማማ እታለም ልጃቸው እንዳልክ ቤት ከገቡ ሦስት ዓመታቸው። እንዳልክ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ነው፤ ከመስቀል ወዲህ ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሚስቱ ስንዱ ነርስ ናት፤ መኪናውንም አሁን አሁን የምትነዳው እሷ ናት።

የእማማ እታለም ጭንቀት የጀመረው ከምድጃው ነው። አንድ ማክሰኞ ባዶ ድስት ተጥዶ፣ አርሮ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። በሳምንቱ የመኪናው ቁልፍ ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቅቤው ሥር ተገኘ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ስንዱ መስኮት ከፈተች።

እማማ እታለም ድስት መጣዳቸው ትዝ አላላቸውም። ግን ቤቱ ውስጥ ያለች አሮጊት አንድ ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን? «እኔው ነኝ» አሉ በሆዳቸው።

እንዳልክም ይፈትናቸው ጀመር።

«እማዬ፣ ቁርስ በላሽ?»

«በላሁ ልጄ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ፣ «እማዬ፣ ቁርስ በላሽ?»

መርሳት አለመርሳቴን ሊያይ ነው፣ ብለው ሳይሰለቹ በዚያው ድምፅ «በላሁ ልጄ» ይሉታል።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። ከስክሪኑ አናት ላይ ትንንሽ ስዕሎች ተደርድረዋል፤ ምድጃ፣ በር፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ስልክ።

«ይሄ ቱልባር ይባላል። እያንዳንዱ ስዕል በተን ነው፤ ስትጫኚው ሥራውን ይሠራል።»

«ፊደሉስ?»

«ፊደል የለውም። ማንበብ ለማይችል ሰው እንዲገባ ነው የምፈልገው። አንቺ ካገኘሽው ማንም ያገኘዋል።»

ቤቱ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ ከእሳቸው ሌላ ማን አለ?

«ምድጃውን ለምን ሁለት አደረግከው?»

«የት?»

«ይኸው፣ ጎን ለጎን! ዓይንህ የት ሄዷል?»

እንዳልክ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ። «ጎበዝ» አለና አንዱን አጠፋው። ይሄም ፈተና ነበር ማለት ነው።

«ጥግ ያለውስ? ፈዟል።»

«እሱ ገና ነው። ጊዜው ሲደርስ ይበራል።»

በዚያው ሰሞን ስንዱ ጓዳ ቆማ በእንግሊዝኛ ስልክ ስታወራ «ሜሞሪ» እና «አውሮራ» የሚሉት ጆሯቸው ገቡ፤ ሜሞሪ ማስታወስ መሆኑን ያውቃሉ፤ አውሮራም ጎረቤት ከተማ ናት። ማታ ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ያለበት አንድ ወረቀት አገኙ። ፀጉራቸው የነጣ ፈረንጆች ጠረጴዛ ከበው፣ እንደ ሕፃን ቀለም ይቀባሉ። የሚረሱ ሰዎች የሚላኩበት ቤት መሰላቸው።

«ስንዱዬ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ምንም አይደል እማማ። እርስዎ አያስቡ» አለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ምን ልበላችሁ፣ እማማ እታለም ያን ሌሊት ቆረጡ። ያንን የስዕል ሰልፍ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይይዙታል፤ ማን እንደማይረሳ ያያሉ! ቀን በቀን ተቀመጡ። በሁለተኛው ሳምንት ምድጃውንም፣ በሩንም፣ ጠርሙሱንም እንዳልክ ስማቸውን ጠርቶ ሳይጨርስ ይጫኑ ጀመር።

«አየህ? አንዱንም አልሳትኩ!»

«አየሁ እማዬ» አለና አቀፋቸው። ቶሎም አልለቀቃቸው።

«እንግዲህ የትም አልሄድም?»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ የት ትሄጃለሽ?» ሳቀ። ሳቁ አላሳመናቸውም።

ሐሙስ ባልና ሚስቱ እንደ ሁልጊዜው ቀጠሮ አለን ብለው ወጡ። እማማ እታለም ሊለማመዱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ጥግ ያለው በተን በርቷል።

ቀረብ ብለው አዩት። ስዕሉ የእሳቸው ፎቶ ነው፤ የፋሲካው፣ በነጠላ።

የምላክበት ይሄ ነው አሉ። ከተላኩም አውቀው ይሂዱ፤ አማተቡና ተጫኑት።

የልጃቸው ድምፅ ወጣ፤ «እንዳልክ፣ ይህቺ ሴት እናትህ ናት። እታለም ትባላለች። ካላወቅሃት አትደንግጥ፤ እጇን ያዝ።»