ተአምረኛው ቅባት

ሴትየዋ የፊት ቅባት ታመርታለች። ስለ አካባቢ ጥበቃ ስልጠና ወስዳ በተመለሰች ሰሞን የፕላስቲክ ዕቃውን ጣለችና ቅባቷን አፈር ሲነካው በሚበሰብስ ወረቀት ማሸግ ጀመረች። ለምረቃው ኬክ ተቆረሰ፤ አንድ ኃላፊም ማይክራፎኑን ይዘው አለቅም አሉ። የድሮው ዕቃ አንድም ቀን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ታይቶ እንደማያውቅ ግን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ወር ሳይሞላ ገበያው ቀጥ አለ።

ተናዳ ወደሚያከፋፍሉላት ባለሱቅ ሄደች።

"ጋሽ ሙዘይን፣ ሰዉ ምን ነካው? ቅባቱ እኮ ያው ነው!"

"ቅባቱማ ያው ነው" አሉ ጋሽ ሙዘይን። "ሰዉ የሚገዛው ዕቃውን ነበር እንጂ። ክዳኑ ግጥም ይላል። ኮረሪማ ብታስቀምጪበት ሽታው አይጠፋም፣ ሚጥሚጣ ብታስቀምጪበት ነቀዝ አይደፍረውም። አሁን በወረቀት ምን ያድርጉበት?"

"ቅባቱንስ ምን ሲያደርጉት ነበር?"

"እኔ የሰው ጓዳ ምን አገባኝ?"

"ውሸት ነው! እናቴ እንኳ ከልጄ በነፃ አልወስድም ብላ በየወሩ ሦስት አራት ትገዛለች። 'ተአምር ነው፣ እንዲህ ያለ ቅባት አይቼ አላውቅም' ትለኛለች!"

ጋሽ ሙዘይን ሚዛናቸውን መወልወል ያዙ።

ከሱቁ ወጥታ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። በወጣትነቷ አምሽታ በገባች ቁጥር ሲጢጥ እያለ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስባት የነበረውን አሮጌ የብረት በር ገፋ አደረገችው።

ማጠፊያው እንደ ሙሽራ ፊት ወዝቶ፣ በሩ ጭጭ እንዳለ ተከፈተ።