የአበዛሽ ሕመም

ልጆቼ፣ የሕፃን ሕመም ወደ ሐኪም ገላ መዛወር በቻለበት በዚያ ዘመን፣ ሲስተር ይርገዱ ቦምብ ያቃጠላትን የአንዲት ልጅ የእጅ ሕመም ተሸክማ ከሆስፒታል ቤቷ ገባች። እጇ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ እንጀራ መቁረስ ግን አቃታት። ባሏ ምናሉ ያጎርሳት ጀመር።

«በየቀኑ እንደ ሙሽራ ላጉርስሽ ነው?» አላት ሊያስቃት። አልሳቀችም።

«በቃ ልቀቂው፤ አንቺ ምን በወጣሽ?»

«ብለቀውማ ወደ ልጅቱ ይመለሳል። ገና አሁን እንቅልፍ ወስዷታል።»

ምናሉ ጉርሻውን እንደያዘ ጠየቃት።

«ስሟ ማን ነው?»

«አበዛሽ።»

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያም የሚስቱን እጅ እንዳይነካ ተጠንቅቆ ጎንበስ አለና እፍ እፍ ይልላት ጀመር።

«አይዞሽ አበዛሽ፤ አይዞሽ ልጄ» እያለ።