ፔጃችንን ለምን ሰጠሻቸው?

«ሌባ ነሽ! ሌባ!»

ንጋት የጮኸችው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው… የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ እየሰማ።

ሐምዲያ ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ ባጃጆቹ አለፈች።

«እዩዋት! መልስ እንኳን የላትም!»

ሁለቱ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ።

ያበዱለት ደግሞ አንድ ወጣት ዘፋኝ ነው… ስሙ ይቅርብን።

እዚሁ ላሊበላ ሆነው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት እየወጡ፣ አርባ ሺህ ተከታይ ያለው የአድናቂዎች ፔጅ ከፍተውለታል።

ዘፋኙ ክሊፕ ሊቀርጽ ላሊበላ በመጣ በማግስቱ ግን ፔጁ ለንጋት አልከፈት አላት።

ፓስወርዱን ለዘፋኙ ሰዎች የሰጠችው ሐምዲያ ናት።

«ለምን?» ስትላት…

«ሰጠኋቸው፣ በቃ» ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ንጋት ያላደረገቻት የለም። ዴስክ ቀየረች። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰደበቻት።

የሐምዲያ እናት ወይዘሮ ሪሃና ለኢድ ዳቦ ቢልኩላት እንኳን «ከከሃዲ ቤት የመጣ አልቀምስም» ብላ መለሰችው!

አንድ ቅዳሜ ቤት ቁጭ ብላ ሐምዲያን ስታማ፣ የአጎቷ ልጅ ደሳለ ሰማት። ዘፋኙ ያረፈበት ሆቴል አስተናጋጅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ያገባኛል! እያለቀስሽ የዘፈንሽበትን ቪዲዮ ልከሽለት ነበር አይደል?»

ንጋት ክው አለች። ያንን ለማንም አልተናገረችም…

«ጠረጴዛ ከበው ሲስቁብሽ ነበር። እሱ ራሱ ጭምር! መሳቂያ አድርገው ሊለቁት ሲሉ ሐምዲያ ደረሰች። አብራችሁት ፎቶ እንድትነሱ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ‹ወላሂ እህቴ ናት፣ አጥፉት› ብላ ለመነች። ‹ፔጁን ስጪንና እናጠፋዋለን› አሏት። እስኪያጠፉት ቆማ ጠብቃ፣ ሰጥታቸው ወጣች። እኔንም እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር።»

ንጋት ነጠላ ጫማዋን እንኳን በወጉ ሳታጠልቅ ሮጠች…

ሐምዲያ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግቢ አላለቻትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? የምታመልኪው ሰው ሲስቅብሽ ነበር ልበልሽ? ያንን ከምትሰሚ እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ነው… እንዲህ ትጠዪኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«ሐምዱ… ይቅር በይኝ።»

«የኔስ ይሁን። እናቴን ነው ያስለቀስሽው!»

በሩ ተዘጋ።

ሐምዲያ በአንድ ቀን አልታረቀችም። ንጋት ጎረቤት እያየ የወይዘሮ ሪሃናን ጉልበት ስማ፣ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንታ ነው የታረቁት።

ዛሬ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። አንድ ዶርም!

ወዳጆቼ… መኖራችንን እንኳን ለማያውቅ ሰው ስናለቅስ፣ ክብራችንን ሊጠብቅ ስድባችንን የተሸከመውን ጓደኛ እንዳንገፋ።

እናንተ በሐምዲያ ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯት ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር? ንጋትንስ… ከልባችሁ ይቅር ትሏት ነበር?

ኮሜንት ላይ እንነጋገር 👇