በሙሉ ድምፅ

ብዙነህ ኦፔራውን ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። ዘፋኞቹ ልጆች ሊያፈርሱበት የተነሱት ግን በሦስት ወር ውስጥ ነው።

እንዲህ ብሎ ማመን የጀመረው ልምምዱ ስምንተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ነበር። ሰበታ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለውን የሠርግ አዳራሽ ለምኖ አግኝቶ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አሥራ ስድስት ድምፀ መልካም ወጣቶች ሰብስቧል። ታሪኩ ግድብ ሲሠራ ውሃ ስለዋጠው አንድ መንደር ነው፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ሁሉም በዜማ። ለዚህ ብሎ የሙዚቃ መምህርነቱን ለቋል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ኦፔራ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም።

መጀመሪያ የተለወጠው ድምፃቸው ነበር። በመጀመሪያው ወር ግድግዳውን ያንቀጠቅጡት የነበሩት ልጆች ቀስ በቀስ ሥራው የሰለቻቸው መሰሉ።

«ከፍ አድርጉት» ይላቸዋል። «በሙሉ ድምፅ።»

«በሙሉ ድምፅ ነው እኮ ጋሼ» አለችው አንድ ቀን መሪዋ ዘፋኝ ሔለን፤ ትከሻውን ይዛ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቃሉን እየሰባበረች። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ንቀቱ ብዙነህ አጥንት ድረስ ዘለቀ።

ቀጥሎ ዓይናቸው ተለወጠ። ከፊታቸው ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ሲመራቸው እነሱ የሚያዩት ከትከሻው በላይ አሻግረው ነው። አንድ ቀን ድንገት ዞር ሲል ረዳቱ ኪሩቤል ከኋላው ቆሟል፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ። ኪሩቤል ቶሎ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ኪሩቤልን ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ኖታ ያስተማረው ብዙነህ ነው። በፊት ማታ ማታ እየደወለ ስለ ሥራው ሲያወራው ያመሽ ነበር። አሁን መደወሉን ትቶ እንደ ባዕድ ሰው በጽሑፍ መልእክት ብቻ ሆኗል።

እሑድ ዕለት ብዙነህ ሳይናገር ቡራዩ፣ ሔለን ቤት ሄደ። የጠረጠረው አልቀረም፤ ስድስት ዘፋኞችና ኪሩቤል ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ራስ ለራስ ገጥመዋል። ሲያዩት ሁሉም አፋቸውን ዘጉ።

«ምን እየመከራችሁ ነው?» አለ።

ኪሩቤል ተነሥቶ ወንበር አቀረበለት። «ጋሼ፣ ማክሰኞ አዲስ አበባ አብረን እንሂድ። የማገናኝዎት ሰው አለ።»

«ማን?»

«በሙያው የተመሰከረለት ነው። አንዴ ብቻ ያግኙት፤ ከዚያ እርስዎ ይወስናሉ።»

ብዙነህ ሳቀ። «ሌላ አዘጋጅ አግኝታችኋል ማለት ነው። እኔ ሳልሞት?»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም» አለች ሔለን፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ብዙነህ ጥሏቸው ወጣ። አስፋልቱን ሲሻገር ባጃጅ ሊድጠው ለትንሽ ሳተው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ አፉን እየከፈተ ይሰድበዋል። ክላክስ የሚባል ነገር የረሱ፣ ሰውን ከመጤፍ የማይቆጥሩ ሁሉ መንገዱን ሞልተውታል ብሎ ብዙነህም ተሳደበ።

ቅዳሜ ኦፔራውን የሚገመግሙ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ካዩና ከወደዱት ኦፔራው አዲስ አበባ ላይ ይታያል፤ ካልወደዱት አዳራሹ ወደ ሠርጉ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ብዙነህ ሦስት ሌሊት አልተኛም። የመጨረሻው ልምምድ ረቡዕ ነው፤ ያን ቀን ኪሩቤልን በሁሉም ፊት ሊያባርረው ወሰነ።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ ልጆቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ከብዷል። ኪሩቤል ወደ እሱ መጣ። ብዙነህ ጀርባውን ሰጥቶት የኖታ መደርደሪያውን ማስተካከል ያዘ። ኪሩቤል ከኋላው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። የሚናገረው ካለ ይናገር፣ ልምምዱ ሲያልቅ ይለይለታል አለ ብዙነህ በልቡ።

እጁን አነሣ። ልጆቹ ጀመሩ።

ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ሌላ ሰዎች ሆኑ። ዓይናቸው አልባዘነም፤ ሁሉም የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። ሔለን የሰመጠ ቤቷን ስትሰናበት አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ፤ እናቷን ሆና የምትሠራው ሄመን በኦሮምኛ ስትመልስላት ሔለን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዜማው ብዙነህ አሥራ አንድ ዓመት በልቡ ሲያዳምጠው የኖረው ነበር፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም፤ አንድም ቦታ አልደከመም። የመጨረሻው ኅብረ ዝማሬ ላይ እንባው ኖታውን አራሰው።

እጁን አወረደ።

«ይቅር በሉኝ» አላቸው። «ክፉ ጠርጥሬያችሁ ነበር። ዛሬ ግን ዘፈናችሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሔለን፣ ያ ከፍተኛው ኖታ ጣሪያውን ነው የነካው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሔለን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። የጸጸት ነው ብሎ አሰበ። ኪሩቤል ከንፈሩ ነጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ብዙነህ ሄዶ አቀፈው።

በሩ ተከፍቶ የአዳራሹ ዘበኛ ኦቦ ዲሪባ፣ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ቀጥ ብለው መጡና ፊት ለፊቱ ቆመው ሁለት እጁን ያዙ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ጎረቤት ለቅሶ ነው ብለን ብንለምናቸው፣ ልጆቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ተለማመዱልን።»